ማንም ያልሳቀበት ኮሜዲ እንዴት ይጻፋል

ሰሞኑን ወጣቶች ቤቴ ድረስ እየመጡ «ጋሼ፣ ኮሜዲ እንዴት ነው የሚጻፈው?» ይሉኛል። ትክክለኛ ሰው ጋ ነው የመጡት። እኔ በዕድሜዬ የጻፍኩት ኮሜዲ አንድ ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ አይቶታል፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ግን ጥርሱን ብልጭ ያደረገ አንድ ሰው አልተገኘም። እንዲህ ያለ ልምድ ያለው ሰው ካላስተማረ ማን ያስተምር? ስለ እርሻ የሚያስተምረን እርፍ ጨብጦ የማያውቅ ነው፤ ስለ ትዳር የሚመክረን ሦስቴ የፈታ ነው። ስለ ኮሜዲ ደግሞ እኔ አለሁላችሁ።

የመጀመሪያው ምክሬ፣ ለቅሶ ቤት ሰው አታስቁ። እኔን ያጠፋኝ እሱ ነው። በደርግ ጊዜ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለው ሰፈራችን አንድ ጎረቤታችን አርፈው ድንኳን ተቀምጠናል። ሟቹ በሕይወት ሳሉ ጉማሬ አባርሯቸው ዛፍ ላይ የወጡበትን ታሪክ አንሥቼ አወራሁ። ጉማሬው ሄዶም «ተመልሶ ይመጣል» ብለው ዛፉ ላይ ምሳቸውን እንዳስመጡ ስናገር ለቀስተኛው በሙሉ በነጠላው አፉን ይዞ በሳቅ ተንፈቀፈቀ። መበለቲቱ ሳይቀሩ ሳቁ። ከድንኳኑ ጥግ ሆኖ ያልሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የቀበሌያችን የቅስቀሳና የኪነት ኃላፊ ጓድ አስናቀ ነው። በዚያ ዘመን ኃላፊ ሰው የሚስቀው መመሪያ ሲመጣለት ነበር።

በማግስቱ ቢሮው አስጠራኝ። «ጓድ፣ ለቅሶ ላይ ያሳቀ ሰው አዳራሽ አያቅተውም። ለአብዮት በዓል አንድ ኮሜዲ ጻፍልን» አለኝ።

«ጓድ አስናቀ፣ እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራ። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል አስገባለሁ። ድርሰት አላውቅም» አልሁት።

«መዝገብ ቤት ወረቀት አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ምን ቀረህ?»

ልጆቼ፣ እናንተ «እምቢ» የሚለውን ቃል በነፃ ስላገኛችሁት ዋጋው አይገባችሁም። እኔ በዚያ ቢሮ ውስጥ ቃሉን ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት። «እሺ» የሚለው ግን ሳልጠራው መጣ።

ሁለተኛው ምክሬ፣ ኮሜዲ የምትጽፉ ከሆነ የቄስ ልጅ አትውደዱ። የቄስ ልጅ የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ኮሜዲውን ተዉት። ሁለቱ በአንድ ታንኳ አይሳፈሩም። እኔ ታንጉትን ወድጄ ነበር። ታንጉት የቀበሌው ሕብረት ሱቅ ሻጭ ነበረች። ስኳር የገባ ሰሞን የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ይወዳታል፤ ስኳሩ ሲያልቅ ፍቅራቸውም አብሮ ያልቃል። እኔ ግን ሱቁ ውስጥ ከክብሪት በቀር ምንም በሌለበት ወር እንኳ እየሄድኩ ክብሪት እገዛ ነበር። ቤቴ ውስጥ ያለው ክብሪት ባሕር ዳርን ከዳር እስከ ዳር ያነድዳል።

አባቷ ቄሰ ገበዝ ይኄይስ ይባላሉ። ሐይቁ ዳር ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ዕቃና ልብስ የሚጠብቁ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ ግን ሲያዩህ ያለ ጥፋትህ ጥፋት የሚፈልጉብህ የሚመስልህ ሰው ናቸው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሽማግሌ ልኬባቸው «መስከረም ይጥባ፣ መስቀልም ይለፍ፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን» ብለው መለሱ። በእኛ አገር ይህ እሺም አይደል፣ እምቢም አይደል። እስከዚያ ልጁን እናየዋለን ማለት ነው። ስለዚህ ያን ክረምት በሙሉ እየታየሁ ነው የከረምኩት። በዚያ ጭቃ ነጭ ለብሼ አስቀደስኩ። ጠላ ቤት በር ላይ ሳልፍ አፍንጫዬን እይዝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ከመሄዴ ብዛት አንድ ቀን ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተምኩና ምሰሶውን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ቄሰ ገበዝ ከኋላዬ ነበሩ።

እንግዲህ ወደ ድርሰቱ እንግባ። ጀማሪ ደራሲ የሚያውቀውን ይጻፍ ይባላል። እኔ የማውቀው ወረፋ ነው። አንድ ሰውዬ ስኳር ሊገዛ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ፣ ከፊቱና ከኋላው ካለው ሰው ጋር ሲጨዋወት ውሎ፣ ተራው ሲደርስ ምን ሊገዛ እንደመጣ ይረሳዋል። ይህንን ጽፌ ለብቻዬ እየሳቅሁ ለገምጋሚዎቹ አቀረብኩ። ገምጋሚዎቹ ጓድ አስናቀና ምክትሉ ናቸው። ምክትሉ ሁልጊዜ ከጓድ አስናቀ ወንበር ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጥና ወንበሩን ከእግሩ እስከ መደገፊያው ያየዋል። ሰውየውን ሳይሆን ወንበሩን ነው የሚያየው።

«ወረፋ?» አለ ምክትሉ። «ወረፋ ምኑ ያስቃል? ወረፋ የፍትሐዊ ክፍፍል መገለጫ ነው።»

ወረፋውን አወጣሁት።

«ስኳሩስ? ስኳር የለም ለማለት ነው?»

ስኳሩን አወጣሁት።

«ሰውየው የሚረሳው ንቃት ስለሌለው ነው? ሰፊው ሕዝብ ይረሳል?»

ሰውየውን አወጣሁት። ኮሜዲው ውስጥ የቀረው «መጋረጃው ይከፈታል» እና «መጋረጃው ይዘጋል» የሚለው ብቻ ነበር። ዛሬ ሳስበው እዚያው ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ከሁሉም ሥራዬ የተሻለው እሱ ነበር።

«ኮሜዲ ጠላት ያስፈልገዋል» አለ ጓድ አስናቀ። «ሕዝቡ የሚስቅበት ጠላት።»

«ባላባት ብናደርገውስ?» አልሁ።

«ባላባቱ ባለፈው ዓመት ተስቆበታል።»

«ነጋዴስ?»

«ነጋዴውን ለዚያኛው ቀበሌ ሰጥተናል። ለእኛ የደረሰን ቄሱ ነው። የድሃ ገበሬ በግ እያታለለ የሚበላ ቄስ። ሲወፍር፣ ሲወድቅ፣ ሕዝቡ ሲስቅ፤ አለቀ።»

ለእሱ አለቀ። እኔ ግን ቄሰ ገበዝ ይኄይስን ከነዓይናቸው ፊት ለፊቴ አየኋቸው። ቄሱን ብጽፍ ታንጉትን አጣለሁ። አልጽፍም ብል፣ ፀረ አብዮተኛ ለመባል በዚያ ዘመን ከዚህ ያነሰም ይበቃ ነበር። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ አለ ይባላል፤ እኔን የወሰደኝ ከመሳቄ በፊት ነው።

እንግዲህ ሦስተኛው ምክሬ፣ ሁሉንም ለማስደሰት ጻፉ። እኔ ሞክሬዋለሁ። ቄሱን ጻፍኩት፤ ግን በጉን ከመብላቱ በፊት ገበሬውን እንዲያስፈቅድ አደረግሁት። በሚቀጥለው ረቂቅ ግማሹን ለገበሬው እንዲመልስለት አደረግሁ። በሦስተኛው ረቂቅ ጾም ገባና በጉን ሳይነካው ቀረ። ጓድ አስናቀ አንብቦ ሲጨርስ «ይህ ሰውዬ ከእኔ ይሻላል» አለና ወረቀቱን ወረወረልኝ። ቄሱ ተመልሶ በጉን በላ።

ወሬው ሕብረት ሱቅ ለመድረስ አንድ ከሰዓት በኋላ በቃው። የራሽን ካርዴን ይዤ ሄድኩ። ታንጉት ካርዱንም እኔንም ሳታይ «ስኳር አልቋል» አለች።

«ያ ከኋላሽ ያለው ጆንያስ?»

«ጨው ነው።»

ጆንያው ሥር ጉንዳን በሰልፍ ይመላለሳል። ጉንዳን ጨው ሲሰንቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አባቴን መድረክ ላይ አውጥተህ ልታስቅባቸው ነው አሉ» አለችኝ።

«እሳቸው አይደሉም ታንጉት። ሌላ ቄስ ነው።»

«በዚህ ሰፈር ስንት ቄስ አለ?»

እኔ ክብሪት አነሣሁ።

«በል እንግዲያው ሽማግሎችህን አሳርፋቸው። ለመስቀል ማግስት ጭቃውን ረግጠው አይድከሙ።»

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለእኔ ነው፤ ስኳር ሻጯን ወድጄ ምሬት ስጠጣ ሰነበትኩ። ሐይቁ ዳር ሄጄ ደንገሉ መካከል ተቀመጥኩና ከልቤ አዘንኩ። ያን ቀን ሳቅ የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንዲጠፋ ተመኘሁ፤ ምኞቴም፣ እንደምታዩት፣ ብዙ ሳይቆይ ተሳካ። ታምሜ ብተኛ ሌላ ሰው ይጽፈዋል ብዬ አስቤ አመሻሽ አመሻሽ እጅጌዬን ሰብስቤ ለወባ ትንኝ ክንዴን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሌላ ጊዜ ሳልጠራት የምትመጣ ወባ ስፈልጋት ድራሿ ጠፋ።

ከዚያ ተዋናይ መፈለግ መጣ። ሰፊውን ሕዝብ ሆኖ ለመጫወት የኪነት ቡድኑ ተራኮተ። ቄሱን ግን የሚነካው ጠፋ። አንዱ ጠበል ጀምሬአለሁ አለ። አንዱ እናቴ ትረግመኛለች አለ። አንዱ ጢም ያለው ስለነበር ተስፋ ጥለንበት ሳለ በማግስቱ ከነቅንድቡ ተላጭቶ መጣ። በመጨረሻ እጁን ያወጣው ሞላ ነው። ሞላ ምእመናንን ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚያመላልስ ጀልበኛ ነው፤ ጢሙ እስከ ደረቱ፣ ድምፁ በሐይቁ ላይ ነፋስ ሲያሸንፍ ያደገ።

«እኔ እጫወተዋለሁ» አለ። «ነገር ግን አለባበሴ ልክ የቄስ ካልሆነ አልወጣም። ሰው የሚስቅብኝ ከሆነ በወጉ ለብሼ ይሳቅብኝ።»

«እሺ፣ አንተው ፈልግ» አልሁት። ልጆቼ፣ ይህን ቃል አስምሩበት። ደራሲ አልባሳትን ለተዋናዩ ሲተው ድርሰቱንም አብሮ ሰጥቶታል።

በዓሉ ደረሰ። «ያልመጣ ራሽን የለውም» ስለተባለ አዳራሹ ጢም ብሏል። መቀመጫ ባዶ እንዳይታይ ደግሞ የቀበሌው ጥበቃዎች ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከመሸንቲ ለገበያ የመጡ ገበሬዎችን ከነዱላቸው እየነዱ አስገብተዋቸዋል። ስለምን እንደተሰበሰቡ ማንም የነገራቸው የለም። ኋላ ላይ ተኮራምተው ቁጭ ብለዋል። የፊቱ ረድፍ ላይ ጓድ አስናቀ ኮፍያውን አጥብቆ፣ ምክትሉም ከጎኑ ሆኖ ወንበሩን እያየ ተቀምጠዋል። ታንጉትም ከሴቶቹ መካከል አለች፤ ላለመምጣት ብላ ነበር፣ ግን እሷ የምትሸጠው ስኳር እሷንም ያስገድዳል።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ጽሑፉን ይዤ ለተዋናዮቹ የረሱትን ቃል የማቀብል ነኝ። መጋረጃው ሁለት አንሶላ ነው። የጀርባው በር ተከፍቶ ሞላ ሲገባ ሳላስበው ብድግ አልኩ። ጥምጣሙ የወተት አረፋ መስሎ ተስተካክሎ ተጠምጥሟል። ካባው ትከሻው ላይ ዐርፏል። በግራው ጭራ፣ በቀኙ መስቀል ይዟል።

«ሞላ፣ ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው?»

«ከቄሰ ገበዝ ይኄይስ።»

«ምን ብለህ?»

«ለቲያትር ነው አልኋቸዋ። ቄስ ሁኘ ሊሳቅብኝ ነው አልኋቸው። ‹እንግዲያውስ ና ጥምጣሙን ልሰርልህ› አሉ። አካሄዱንም አሳዩኝ። ቄስ አይቸኩልም አሉኝ።»

መጋረጃው ተከፈተ። እንግዲህ በጽሑፉ መሠረት ሞላ እየተጎማለለ ይወጣል፣ «በጉን አምጡልኝ» ይላል፣ ካባው እግሩን ጠልፎት ይወድቃል፤ ከጎኑ በቅንፍ «ሕዝቡ ይስቃል» የሚል አለ። ሞላ ወጣ። አልተጎማለለም፤ ቄሰ ገበዝ እንዳሳዩት ቀስ ብሎ ወጣ። ወደ መድረኩ መካከል ሲደርስ የፊት አግዳሚ ላይ ከተቀመጡት አሮጊቶች አንዷ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ቀጥሎ ሌላይቱ። ቀጥሎ አግዳሚው። የመሸንቲ ገበሬዎች በመጨረሻ ለምን እንደተጠሩ የገባቸው መሰሉ፤ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ብድግ አሉ። ወዲያው አዳራሹ በሙሉ ቆመ። አሮጊቷ ወደ መድረኩ ቀርበው አንገታቸውን ሰበሩ።

ሞላ እኔን አየኝ። እኔ ጽሑፉን አየሁ። ጽሑፉ ውስጥ ይህ የለም።

ሰው መስቀል ይዞ፣ ፊቱ አሮጊት አንገቷን ደፍታ ስትቆም ምን ያደርጋል? ሞላም ያንኑ አደረገ። ግንባራቸውን፣ ከዚያ አፋቸውን አሳለማቸውና «እግዚአብሔር ይባርክዎ እናቴ» አለ። ከኋላቸው ሰልፍ ተያዘ። ከድርሰቴ ያስወጡኝ ወረፋ አዳራሹ ውስጥ በአካል መጣ።

«በጉን! በጉን በል!» እያልኩ በአንሶላው ቀዳዳ ተንሾካሾክሁ።

ሞላ ደንግጦ «በጉን…» አለ በዚያ ድምፁ።

«እናመጣለን አባታችን» አለ አንድ የመሸንቲ ገበሬ ከኋላ።

መድረኩ ከፍ ስላለ ቀጥለው የመጡት አጠር ያሉ አሮጊቶች መድረስ አቃታቸው። ሞላ ደግ ሰው ነው፤ ወደ እነሱ ወረደ። ሲወርድ በፊቱ ረድፍ በኩል አለፈ። ጓድ አስናቀ ፊት ሲደርስ መስቀሉ ወደ ፊት እንደተዘረጋ ነበር። ጓድ አስናቀ ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ያሰበም አይመስለኝም። ኮፍያውን አወለቀ። ጎንበስ አለ። በግንባሩ፣ ቀጥሎ በአፉ ተሳለመ። ከዚያ ቀና ሲል ምክትሉን አየው።

ምክትሉ ያን ጊዜ ወንበሩን አላየም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየውን ነበር የሚያየው።

«ኮፍያዬ ወድቃብኝ…» አለ ጓድ አስናቀ። ኮፍያዋ በእጁ ውስጥ ተጣጥፋ ነበር።

እኔ አንሶላውን ጎትቼ ዘጋሁት። አዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው አልሳቀም።

በማግስቱ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። ምክትሉ ጸጉሩን ተቀብቶ መጥቷል። ጓድ አስናቀ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እሷኑ ያያል። «ትናንት በዚህ አዳራሽ የአድኃሪያን ምልክት ተስሟል» አለ ምክትሉ። «የሳመውም ያልነቃው ሕዝብ ብቻ አይደለም። ጉዳዩ ወደ ላይ መድረስ አለበት። አስቀድሞ ግን ደራሲው ይጠየቅ።»

በዚያ ዘመን ወደ ላይ የተባለ ሰው ወደ ታች ሲመለስ ያየ ጥቂት ነው። ፈራሁ። ስለ ኮሜዲ ሲወራ ፍርሃት ማንሣት ደስ አይልም፤ ግን ዓይኔ በሩን ነበር የሚፈልገው።

«ሕዝቡ ለምን አልሳቀም?» አለኝ።

«እኔ ሳቅ ጽፌአለሁ ጓድ» አልሁና ቅንፉን አሳየሁት። «ይኸው፣ ‹ሕዝቡ ይስቃል› ይላል። ያልታዘዘው ሕዝቡ ነው።»

ይህ መልስ ነገሩን አላሻሻለውም። ቀጥሎ ሞላ ተጠየቀ። ሞላ ከሐይቁ በቀጥታ ስለመጣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነው፤ መስቀሉን ብብቱ ውስጥ ይዞታል። «መስቀሉን የሰጠህ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው? ማን ነው እጁን ያስገባ?» አለ ምክትሉ። እኔ ብቻ ሳልሆን ቄሰ ገበዝም ሊሄዱ ነው። ታንጉት በአንድ ቀን አባትም ባልም ልታጣ ነው።

«የምን ቤተ ክርስቲያን?» አለ ሞላ። «ቄሰ ገበዝ መስቀል ለጨዋታ አይሆንም ብለው ከለከሉኝ። ይህ የመቅዘፊያየ ስባሪ ነው። ክረምት መግቢያ ላይ ጉማሬ የሰበረብኝ። እኔው ነኝ የጠረብሁት።» ገለበጠና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጀርባው የጀልባው ሰማያዊ ቀለም እንዳለበት ነው።

ሁላችንም ተጠግተን አየነው። ጓድ አስናቀ ቀለሙን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ኮፍያውን ቀስ ብሎ አነሣና አጠለቀ።

«ጓዶች» አለ። «መቅዘፊያ ምንድን ነው? የሠርቶ አደሩ የሥራ መሣሪያ ነው። ትናንት ሰፊው ሕዝብ ለሥራ መሣሪያ ያለውን ጥልቅ አክብሮት በይፋ ገልጿል። እኔም ከሕዝቤ አልተለየሁም። ለሥራ መሣሪያ ማጎንበስን የሚቃወም ጓድ ካለ እጁን ያውጣ።»

ምክትሉ አፉን ከፈተ። አስቦ ዘጋው። ከዚያ ከማንም ቀድሞ ማጨብጨብ ጀመረ። በጭብጨባው መካከል ሞላ «እንግዲያው ሌላ መቅዘፊያ ይተካልኝ?» ሲል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወደ ላይ የተላከው ሪፖርት «ኮሜዲው በሕዝቡ ዘንድ ከፍተኛ አክብሮት አግኝቷል» የሚል ነበር። እስካሁን ከተጻፉልኝ ሂሶች ሁሉ እውነቱ እሱ ነው።

ስንወጣ ጓድ አስናቀ ክንዴን ያዘኝ። ግራ ቀኝ አየና «ሞላ ሲወርድ የመስቀል አያያዙ ልክ የአባቴ ነበር» አለኝ። «አገሬ ቆላ ድባ ሳለሁ ድቁና ነበረኝ። ለማንም እንዳትነግር።» ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ይኼኛውን ያወጣው መቅዘፊያ ነው። ለማንም አልነገርኩም። ለታንጉት ብቻ ነገርኩ፤ በአባቷ ማንም እንዳልሳቀ አይታ ስኳር መሸጥ ጀምራልኝ ነበር። ታንጉት የምትሠራው ሱቅ ውስጥ ነው።

መስቀል አለፈ። ሽማግሎቼ ጭቃውን ረግጠው ሄዱና ፊታቸው በርቶ ተመለሱ፤ «ልጁን ራሱን ላኩልኝ» ብለዋል አሉኝ። ሄጄ ቄሰ ገበዝን ተሳለምኩ፤ መጀመሪያ ግን መስቀሉን አገላብጬ እንዳላይ ራሴን መቆጣጠር ነበረብኝ።

«አባታችን፣ ሊሳቅበት መሆኑን እያወቁ ለምን አሰሩለት?» አልኋቸው።

«የተዝረከረከ ቄስ አውጥተው እንዳያሳፍሩን ብየ ነው» አሉ። «እኔ ያሰርሁ ጥምጣም ብቻ ነው። የቀረውን ሕዝቡ ሠራው።» መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱና «ቲያትርህ ግን ደካማ ነው አሉ። በጉ እንኳ ሳይወጣ አለቀ አሉኝ» አሉ።

እሱስ ወጥቷል። ያ የመሸንቲ ገበሬ በሚቀጥለው ገበያ ሙክት ጎትቶ ቀበሌው በር ላይ ቆመ። የዚያን ቀኑ ቄስ ጀልበኛ መሆኑን ቢነግሩት «እኔ የተባረክሁት ተባርኬአለሁ፤ ስለት ወደ ቤት አይመለስም» ብሎ አስሮት ሄደ። ሞላ አልነካውም፤ ለቄሰ ገበዝ ወሰደላቸው። ቄሰ ገበዝም ለሠርጋችን አቆዩት።

የመጨረሻው ምክሬ፣ ሰው መቼ መሳቅ እንዳለበት ለማወቅ ዓመት አትፍጁ፤ መቼ መሳቅ እንደሌለበት ማወቅ ይበልጣል። እኔ ይህን የተማርኩት በሠርጌ ዕለት፣ በጥር፣ ሐይቁ ዳር በተጣለው ዳስ ውስጥ ነው። ጓድ አስናቀ ተጠርቶ ኮፍያውን እንዳጠለቀ መጥቷል፤ ምክትሉም አለ። ቄስ የድሃ ገበሬ በግ ይበላል ብሎ ያስጻፈኝ ሰውዬ የገበሬውን ሙክት ጎድን እየጋጠ «ሥጋው ጥሩ ነው» ይላል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዓይኑ እሱ ላይ ነው፤ ሱቁ ሥራውን ሠርቷልና፣ የድቁናውን ወሬ ያልሰማ የለም።

ከምግብ በኋላ ቄሰ ገበዝ መስቀላቸውን ይዘው ሠርገኛውን እያሳለሙ ዳሱን ዞሩ። ጓድ አስናቀ ዘንድ ደረሱና ቆሙ። ሠርገኛው ሁሉ ጆሮውን ቀሰረ። ጓድ አስናቀ እጁን ጠረገና መስቀሉን አየው። ያረጀ የናስ መስቀል ነው፤ ብዙ ግንባር የነካው።

«አባታችን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህም መቅዘፊያ ነው?»

ቄሰ ገበዝ አሰቡ። «አዎ» ቢሉት ሁላችንም በተገላገልን ነበር። እጄ ውስጥ የታንጉት እጅ ጠበቀብኝ።

«የለም ልጄ» አሉት። «ይህ መስቀል ነው።»

ጓድ አስናቀ አልተንቀሳቀሰም። ፊቱን ሳየው ሰውየው አሳዘነኝ። ያን ጊዜ ምክትሉ ጉሮሮውን ጠረገና ጀርባውን ሰጥቶ ዞረ። «ሐይቁ ዛሬ ረግቷል» አለ።

ሁላችንም ዞረን ሐይቁን አየን። ከኋላችን ኮፍያ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማን።